ዝም ላለ ሠንጠረዥ ቦታ የሚመርጥለት ማን ነው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው፣ ሐሙሲትን አልፎ፣ የጉማራን ድልድይ ተሻግሮ ወረታ ሲደርስ ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል። ወይ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮኻል፤ ወይ ዝም ይላል። ዝም ካለ መኪናው ርብን አሻግሮ ወደ አዲስ ዘመን ይዞት ይሄዳል። ሰውዬው ያሰበው ከወረታ ተገንጥሎ ወደ ደብረ ታቦር ለመውጣት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሾፌሩ የሰው ልብ አያነብምና ዝምታውን «ጎንደር» ብሎ ይተረጕመዋል። ሾፌሩ አላጠፋም። ተሳፋሪውም ምናልባት እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል። «ዝም ያለ ሰው የት ይሂድ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ሁለቱ ሳይገናኙ በፊት የመኪናውን መስመር ያወጣው ሰው መልሶታል።

በኮምፒዩተር ሥራ ይህ ለዝምታ አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስ «ዲፎልት» ይባላል። ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች «ነባሪ» ብለውታል፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ነባሪ እለዋለሁ። ልመረምረው ያሰብሁትም አንድ ነባሪ ብቻ ነው፤ ይኸውም በዳታቤዝ ውስጥ አዲስ ሠንጠረዥ ሲፈጠር፣ ፈጣሪው «እዚህ ይቀመጥ» ካላለ፣ ሠንጠረዡ በየትኛው ዲስክ፣ በየትኛው ፎልደር ያድራል? የሚለው ነው።

የዳታቤዝን ትምህርት የወሰድን ሁሉ ሠንጠረዥ መፍጠርን ተለማምደናል። ስሙን እንሰጣለን፤ የዓምዶቹን ስምና ዓይነት እንዘረዝራለን፤ መሣሪያውም «ተፈጥሯል» ብሎ ይመልሳል። «የት?» ብሎ የጠየቀ ጓደኛ ግን አላየሁም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አለመጠየቃችን ያለ ምክንያት አይደለም። ኤድጋር ኮድ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 የሠንጠረዥን ሥርዓት በጽሑፍ ሲያቀርብ ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ፣ መረጃ ፈላጊው መረጃው በመሣሪያው ውስጥ እንዴት እንደ ተደረደረ ከማወቅ ግዴታ እንዲላቀቅ ነበር። ይህ ትልቅ ነጻነት ነው። ዳሩ ግን ጠያቂው ከቦታ ጭንቀት ነጻ ወጣ ማለት ሠንጠረዡ ቦታ አያሻውም ማለት አይደለም። ሠንጠረዥ በመጨረሻ ፋይል ነው፤ ፋይልም ዲስክ ላይ ያድራል፤ ዲስክም ይሞላል፣ ይሰበራል፣ ይደመሰሳል።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ባንድ የጥር ዕረፍት ወደ አገሬ ወደ ፎገራ በሄድሁ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት፣ በክረምትም የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ነው። ቀድሞ ስሙ የሚነሣው በከብቱ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ሩዝ አስለመዱ፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ውሃ ተኝቶበት ጤፍ እንቢ ያለው መሬት ለሩዝ ተስማማ። ዛሬ በኅዳርና በታኅሣሥ ወረታ የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው የሩዝ መፈልፈያ መኪና ድምፅ ነው።

ከነዚህ መፈልፈያዎች በአንዱ (ስሙ ይቅር) የዘመዴ ልጅ ጸሐፊ ሆና ትሠራለች። ገበሬው ሩዙን ከነገለባው ያመጣል፤ ይመዘንለታል፤ ከዋጋው ከፊሉን በእጁ ይቀበላል፤ የቀረው ሩዙ ሲሸጥ እንዲከፈለው ይመዘገባል። መዝገቡ ቀድሞ ደብተር ነበረ፤ ኋላ ግን አንድ ወጣት ፕሮግራም ጻፈላቸውና በኮምፒዩተር ሆነ። ከፕሮግራሙ ሥር ያለው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ነበር፤ ያለ ክፍያ የሚገኝና እጅግ የታመነ መሣሪያ ነው። እንግዲህ በዚህ መዝገብ ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ አይደለም። የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የሠርግ ድግስ አለበት።

ኮምፒዩተሩ እንደ አገራችን ልማድ ዲስኩ ሲ እና ዲ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ነው። ዊንዶውስ ሲ ላይ ነው፤ ሰነድ፣ ፎቶግራፍ፣ ዘፈን ዲ ላይ ነው። ይህን ክፍፍል ያስተማረን ማንም መጽሐፍ ሳይሆን ቫይረስ ነው። ኮምፒዩተር በታመመ ጊዜ ሲ ይደመሰሳል፣ ዊንዶውስ እንደ ገና ይጫናል፣ ዲ ግን አይነካም። በታኅሣሥ መጨረሻም ኮምፒዩተሩ መጎተት ጀመረና ጠጋኝ ተጠራ። የነበረውን ንግግር ጸሐፊዋ እንዲህ ብላ ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ የሚፈልጉት ነገር ሁሉ ዲ ላይ ነው?»

«አዎ ልጄ፣ ሁሉንም ዲ ላይ ነው የምናስቀምጠው።»

«እንግዲያውስ ሲን ፎርማት አደርገዋለሁ።»

አደረገውም። ማታ ፕሮግራሙ ተመልሶ ሲጫን ሠንጠረዦቹ ባዶ ሆነው ተገኙ። በፍላሽ የተቀመጠ ቅጂ ነበረ፤ ግን የኅዳር ማለቂያ ቅጂ ነው። ታኅሣሥ የለም። ታኅሣሥ ደግሞ በፎገራ የዓመቱ ሁሉ ወር ነው።

ባለ መፈልፈያው ደግ ሰው ናቸው። ገበሬዎቹን በየቀበሌያቸው አስጠርተው የያዙትን ካርኒ እያዩ መዝገቡን እንደ ገና አስጻፉ። አብዛኛው ተገኘ። የአንድ ሽማግሌ ካርኒ ግን በኪሳቸው ርሶ ቁጥሩ ጠፍቷል። እሳቸው 11 ኩንታል ነው አሉ፤ መዛኙ 9 መሆኑን አስታውሳለሁ አለ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው በ10 አስማሟቸው። ከሁለቱ የተጎዳው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

እኔ በደረስሁ ጊዜ ሁሉም ጠጋኙን ይራገሙ ነበር። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? ጠጋኙ ጠይቋል፤ ባለቤቱ የሚያውቁትን መልሰዋል። ጸሐፊዋ የምታየው የፕሮግራሙን መስኮት እንጂ ፋይሉን አይደለም። ፕሮግራሙን የጻፈው ወጣት ፖስትግሬስን ሲጭን «ቀጥል፣ ቀጥል» እያለ አለፈ፤ እኔም ብሆን ከዚህ የተለየ አላደርግም ነበር። በዊንዶውስ ላይ የተለመደው የፖስትግሬስ መጫኛ ዝም ላለው ሰው የሚመርጥለት ቦታ በሲ ውስጥ፣ ፕሮግራም ፋይልስ በሚባለው ፎልደር ሥር፣ ዳታ የተባለው ፎልደር ነው። እነሆ፣ ከአራቱ ሰዎች አንዱም መዝገቡን ሲ ላይ ላድርገው ብሎ አላሰበም። ያሰበው ወረታን አይቶ የማያውቅ፣ መጫኛውን የጻፈ ሰው ነው።

እሱንም ቢሆን ወዲያው አንፍረድበት። ነባሪ ቦታ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ በርግጥ የሚገኝ ቦታ ማግኘት አለበት። ዲ በኛ አገር አለ፤ በሌላው አገር ብዙ ኮምፒዩተር ላይ የለም፤ ቢኖርም የሲዲ ማጫወቻው ሊሆን ይችላል። ሲ ግን ዊንዶውስ ባለበት ሁሉ አለ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለሁሉ የሚሠራውን መረጠ፤ ለሁሉ የሚሠራውም ለማንም የሚበጀው ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሚዛን ይህ ነው። በየትም የሚገኝ ቦታ መምረጥ መጫንን ቀላል ያደርጋል፤ ያንኑ ያህል ደግሞ መዝገቡን አገሬው «ቢጠፋም ግድ የለም» ብሎ ከለየው ክፍል ውስጥ ያኖረዋል።

ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ፤ እሱም ነባሪን ጨርሶ መንፈግ ነው። የሚገርመው፣ ፖስትግሬስ ራሱ በሥሩ የሚያደርገው ይህን ነው። የመረጃውን ፎልደር መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ኢኒትዲቢ የተባለው ትእዛዝ ቦታ ካልተነገረው አልሠራም ብሎ ይቆማል። ነባሪውን የሚጨምሩት ከሱ በላይ ያሉት አከፋፋዮች ናቸው። ኡቡንቱና ዴቢያን በቫር ሊብ ሥር አንድ ቦታ ሰጡት፤ ሬድ ሃት ሌላ ቦታ፤ የዊንዶውሱም መጫኛ ፕሮግራም ፋይልስን ሰጠው። ይህ አሠራር ያዋቂ አሠራር ነው፤ ዋናው መሣሪያ የማያውቀውን አገር አይወስንም፤ አገሩን የሚያውቀው ይወስናል። ነገር ግን ሰውን አስገድዶ መጠየቅም የራሱ ዕዳ አለው። የማያውቅ ሰው ሲጠየቅ መልስ አይሰጥም፤ ጥያቄውን ለማሳለፍ ያህል የሆነ ነገር ይጽፋል። የጻፈውንም ኋላ «አንተው መርጠኸዋል» ይሉታል። እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄ የሚጠቅመው መልሱን የሚያውቅ ሰው ከቁልፉ ፊት በተቀመጠበት ጊዜ ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መላው ዳታቤዝ ማደሪያ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተን ደግሞ ሠንጠረዦቹ በመካከላቸው እንዴት እንደሚደለደሉ እንይ። እዚህ ላይ ትልልቆቹ መሣሪያዎች እየተሳሳቱ የተማሩት ታሪክ አለ።

ኦራክል የተባለው ዳታቤዝ ቦታውን «ቴብልስፔስ» በሚባሉ ጎተራዎች ይከፋፍላል። ከነዚህ አንዱ ሲስተም የሚባለው ነው፤ በሱ ውስጥ ዳታቤዙ ስለ ራሱ የሚያውቀው ሁሉ፣ ማለት የሠንጠረዦች ሁሉ መዝገብ ይቀመጣል። ለብዙ ዘመን አንድ ተጠቃሚ ሲፈጠር ነባሪ ጎተራ ካልተባለለት ሠንጠረዦቹ የሚያድሩት በዚሁ በሲስተም ውስጥ ነበር። ይህ እንግዳን ሁሉ ዕቃ ቤት እንደ ማሳደር ነው። የአንድ ተለማማጅ ሠንጠረዥ አብጦ ጎተራውን ቢሞላው፣ የዳታቤዙ የገዛ መዝገብ መላወሻ ያጣል። አዋቂዎች ለጀማሪዎች የሚሰጡት የዘወትር ምክር «ተጠቃሚ ስትፈጥር ጎተራውን መናገር አትርሳ» የሚል ነበር። ምክር ሲደጋገም ነባሪው የተሳሳተ ለመሆኑ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ በሆነው 10ጂ በተባለው እትም፣ ለመላው ዳታቤዝ አንድ ነባሪ ጎተራ መሠየም ተቻለ፤ አዘጋጁ አንድ ጊዜ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የሚረሳው ሁሉ ወደ ደህና ቦታ ይረሳል።

የማይኤስኪውኤል ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ኢኖዲቢ የተባለው ክፍሉ ቀድሞ ሠንጠረዦችን ሁሉ የሚከተው ባንድ ትልቅ የጋራ ፋይል ውስጥ ነበር። የዚህ ፋይል ጠባይ እንደ ደጅ ጎተራ ነው፤ እህሉ ቢወጣም ጎተራው አያንስም። የ50 ጊጋባይት ሠንጠረዥ ቢሰርዙ በውስጡ ለሌላ ሠንጠረዥ ባዶ ቦታ ይገኛል እንጂ ለዲስኩ የሚመለስለት ነገር የለም። ፋይሉን ለማሳነስ መረጃውን ሁሉ አውጥቶ፣ ፋይሉን አጥፍቶ፣ እንደ ገና ማስገባት ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 5.6 እትም ነባሪው ተለወጠ፤ እያንዳንዱ ሠንጠረዥ በቤት ውስጥ እንደሚደረደር ጎታ የራሱ ፋይል ተሰጠው። ጎታው ሲሰበር ቦታው ለቤቱ ይመለሳል። ታዲያ ይህም በነጻ አልመጣም። ሺህ ሠንጠረዥ ያለው ሰው ሺህ ፋይል መክፈት አለበት፤ በየፋይሉም ጥቂት ጥቂት ባዶ ቦታ ይባክናል፤ የጋራው ጎተራ ግን አንዱ የተወውን ሌላው ይሞላው ነበር። ለውጡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴም የባከነ ቦታን ሰው ቀስ እያለ ያየዋል፤ የማይመለስ ቦታን ግን የሚያውቀው ዲስኩ የሞላ ዕለት ነው።

አሁን ወደ ወረታ ልመለስ። ነገሩን ለአንድ የትምህርት ጓደኛዬ ባጫወትሁት ጊዜ ወዲያው መፍትሔ አቀረበ። «ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ፣ ከ8.0 እትም ወዲህ ማለት ነው፣ ቴብልስፔስ አለው። ዲ ላይ አንድ ቴብልስፔስ ፍጠርና ነባሪ አድርገው፤ ከዚያ በኋላ የሚፈጠር ሠንጠረዥ ሁሉ ዲ ላይ ይሆናል፤ ሲ ቢደመሰስም መዝገቡ ተረፈ» አለኝ። ሐሳቡ ለጊዜው አስደሰተኝ። ሌሊቱን መመሪያውን ሳነብ ግን ከሁሉ የከፋው መንገድ ይህ መሆኑን ተረዳሁ።

ለምን ቢሉ፣ ዲ ላይ የሚቀመጡት ፋይሎች ስማቸው ቁጥር ብቻ ነው፤ 16402፣ 16405 እያለ ይሄዳል። 16402 የገበሬዎች ስም መሆኑን፣ ዓምዶቹም ስንት እንደ ሆኑ የሚያውቀው ካታሎጉ ነው። ካታሎጉ ደግሞ በዋናው ፎልደር፣ ማለት ሲ ላይ ቀርቷል። የትኛው ጽሑፍ እንደ ጸና፣ የትኛው እንደ ተሰረዘ የሚያሳየውም መዝገብ እዚያው ሲ ላይ ነው። ስለዚህ ሲ ከተደመሰሰ ዲ ላይ የሚተርፈው ቁልፉ የጠፋ ሣጥን ነው፤ ወደ ሌላ ፖስትግሬስ ወስዶ መክፈት አይቻልም። መመሪያውም ቴብልስፔስ ለብቻው ቅጂ የሚወሰድለት፣ ከሌላ ዳታቤዝ ጋር የሚገጠም ነገር እንዳይደለ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ተገላቢጦሹም አለ። ዲ ቢበላሽ፣ ሲ ደህና ቢሆንም እንኳ ዳታቤዙ አልነሣም ሊል ይችላል። አንድ አደጋ የነበረው ሰው መዝገቡን ለሁለት ሲከፍል ሁለት አደጋ አገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የዚህን ጽሑፍ ዋና ነገር ልናገር። ነባሪ ቦታን ስንመርጥ የምንመዝነው ፍጥነትንና ስፋትን ብቻ አይደለም፤ አብረው መጥፋትና አብረው መትረፍ ያለባቸው ነገሮች የትኞቹ ናቸው? ብለን መጠየቅ አለብን። ካታሎግና ሠንጠረዥ አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የላቸውም። ዋጋ የሌላቸውን ግማሾች በሁለት ቦታ ማኖር ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ ጥንቃቄ አይደለም። ቴብልስፔስ የተሠራው ዲስክ ለጠበበው፣ ወይም ፈጣንና ዘገምተኛ ዲስክ አብረው ላሉት ሰው ነው፤ ለዚያ ሰው ግሩም መሣሪያ ነው። ከመደምሰስ መጠለያ እንዲሆን ግን አልታሰበም።

ሌላም መታለል አለ፤ ሲ እና ዲ ሁለት ዲስክ አይደሉም። ባብዛኛው ኮምፒዩተር ያው አንድ ዲስክ ነው፤ በመካከሉ መሥመር ተሠምሮበት። ከጠጋኝ እጅ ያድናል፤ በመብራት መቆራረጥ ዲስኩ ራሱ የሞተ ዕለት ግን ሁለቱም አብረው ይሞታሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ጥልቅ ወደ ሆነ ነገር ልግባ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ይህ ነውና። ሰው ዝም ባለ ጊዜ መሣሪያው በመዝገቡ ውስጥ ምን ብሎ ይጻፍ? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ የዚያን ቀን ነባሪ የነበረውን ቦታ ሙሉ አድራሻ መጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ «ምንም አልተባለም» ብሎ መጻፍ ነው። በትልልቅ የመረጃ ክምችት ላይ የሚሠራበት ሃይቭ የተባለው መሣሪያ የፊተኛውን መንገድ ይከተላል። ዝም ያለ ሠንጠረዥ በነባሪው መጋዘን ሥር ይቀመጣል፤ ሙሉ አድራሻውም ከዚያው ቀን ጀምሮ ከስሙ ጋር ተጽፎ ይኖራል። ኋላ ነባሪው መጋዘን ቢለወጥ አሮጌዎቹ ሠንጠረዦች ወደ አሮጌው አድራሻ ማመልከታቸውን ይቀጥላሉ። ፖስትግሬስ ግን ሁለተኛውን መርጧል። የሠንጠረዡ ቦታ ከዳታቤዙ ነባሪ ቦታ ጋር አንድ ከሆነ በካታሎጉ የሚጻፈው ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት «ዳታቤዙ ባለበት» ማለት ነው። ስለዚህ የዳታቤዙን ነባሪ ቦታ ባንድ ትእዛዝ ሲለውጡት ዝም ያሉት ሠንጠረዦች ሁሉ ተከትለው ይሄዳሉ፤ በስም ሌላ ቦታ የተሰጣቸው ግን ካሉበት አይነቃነቁም። በዝውውሩ ጊዜ በዚያ ዳታቤዝ ላይ ማንም ሰው መሥራት አይችልም፤ ዋጋው ይህ ነው።

የትኛው ይሻላል? አድራሻ መጻፍ የሚያኮራ ጥቅም አለው፤ ማናቸውም ሰው መዝገቡን አይቶ ያለ ሌላ ጥያቄ ፋይሉን ያገኘዋል፤ ነባሪውን የነካ ሰውም ሳያስበው የትናንቱን ሠንጠረዥ አያናጋም። ዜሮ መጻፍ ደግሞ የሰውየውን ዝምታ እንዳለ ይጠብቃል። ዝም ማለትና «እዚህ» ማለት ልዩ ልዩ ነገር መሆናቸውን አይረሳም። የምንሠራው ኮምፒዩተሩ በየሦስት ዓመቱ ለሚለወጥ፣ ቢሮው ከቤት ወደ ቤት ለሚዛወር ሰው ከሆነ እኔ ዜሮውን እመርጣለሁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ጥያቄ፣ የተነገረው ነባሪ ቦታ በእውነት ከሌለስ? የሚለው ነው። በፖስትግሬስ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ በነባሪነት የተጻፈው የቴብልስፔስ ስም ከነጭራሹ የሌለ ቢሆን መሣሪያው አይጮኽም፤ ሠንጠረዡን በዳታቤዙ ነባሪ ቦታ ያኖረዋል። ስሙ ያለ ነገር ግን ተጠቃሚው ያልተፈቀደለት እንደ ሆነ ግን ሠንጠረዡ አይፈጠርም፤ ስሕተት ይነገራል። ይህ የማይጣጣም ይመስላል። ይሁንና አንድ መጠባበቂያ ቅጂ ቴብልስፔስ ካለው ሰርቨር ወጥቶ፣ አንድ ዲስክ ብቻ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሲዘረጋ፣ ቦታው ባይኖርም መረጃው እንዲገባ መቻሉ ታላቅ ጸጋ ነው። ዕዳው ደግሞ ስሙን በአንድ ፊደል የሳተ አዋቃሪ ስሕተቱን የሚያውቀው ከወራት በኋላ፣ ያላሰበው ዲስክ ሲሞላ መሆኑ ነው።

ስለ መሙላት ካነሣሁ አይቀር፣ ነጥሎ ማስቀመጥ በእውነት የሚጠቅምበት ቦታ እዚህ ነው። ዳታቤዝ ለውጥን ሁሉ አስቀድሞ የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ በፖስትግሬስ ዋል ይባላል። ይህ መዝገብ ያለበት ዲስክ ጢም ብሎ ከሞላ ሰርቨሩ ደንግጦ ሊቆም ይችላል። ሠንጠረዦቹ ያሉበት ብቻ ቢሞላ ግን አዲስ የሚጻፈው ይከለከላል እንጂ ያለው ይነበባል። ትልቅ መረጃ ሲደረደር የሚፈጠሩ ጊዜያዊ ፋይሎችም አሉ፤ ለነሱ የተለየ ነባሪ ቦታ መስጠት እ.ኤ.አ. ከ2008 ከ8.3 እትም ጀምሮ ተችሏል። አንድ ሰው የጻፈው ክፉ ጥያቄ ዲስኩን ቢያጣብብ ገበሬው መመዝገቡን ለምን ያቁም? ስለዚህ ያለ ልክ የሚያብጠውን መለየት፣ አብሮ መኖር ያለበትን አለመለየት፤ ይህን ሚዛን የሚጠብቅ ሰው ብዙ አይሳሳትም።

ነገሩ የአንድ መፈልፈያ ብቻ አለመሆኑንም ልጠቁም። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ከተጀመረ፣ ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ፣ ገበሬው በእጁ ደብተር ይዟል። ኋላም እያንዳንዱ ማሳ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ተለክቶ መመዝገብ ጀመረ፤ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የተዘጋጀውና በየወረዳው እንዲሠራበት የታቀደው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓትም ይህን መዝገብ በዳታቤዝ የሚይዝ ነው። በፎገራ ሜዳ የዚህ መዝገብ ትርጕም ከሌላው አገር ይለያል። ርብና ጉማራ ከአፋቸው ወጥተው ሜዳውን ሲያለብሱት፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያ እንደ ሆነው፣ ሰው ከቀዬው ይነሣል፤ ውሃው ሲሸሽ ደለሉ ቦዩንና ድንበሩን ሸፍኖት ይገኛል። በደጋ አገር ድንበር ድንጋይ ነው፤ ዛፍ ነው፤ ገደል ነው። በሜዳው ላይ የሚቀረው ምስክር የጎረቤት ትዝታና መዝገቡ ነው። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ በየትኛው ዲስክ እንደሚያድር መወሰን የቴክኒክ ዝርዝር ነው ብሎ ለመጫኛው ፈቃድ መተው የሚቻል አይመስለኝም። ይህን ስል የማንንም መሥሪያ ቤት አሠራር አይቼ መተቸቴ አይደለም፤ ነገ ከነዚህ ቤቶች ባንዱ ተቀጥረን ቁልፉ ፊት የምንቀመጠው እኛ ስለ ሆንን ነው።

በመፈልፈያው ያደረግነውን ነግሬ ልጨርስ። ከጸሐፊዋ ጋር እሑድ ቀን ገብተን የፖስትግሬስን አገልግሎት አቆምን። የዳታውን ፎልደር እንዳለ፣ ካታሎጉንም ሠንጠረዡንም ዋሉንም ሳንለያይ ወደ ዲ ገለበጥነው፤ አገልግሎቱ የሚነሣበትንም አድራሻ ለወጥን። የፎልደሩ ፈቃድ ስላልተስተካከለ ሁለት ጊዜ አልነሣም ብሎ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ዋልን ለብቻው ማስቀመጥ ይገባ ነበር ለሚለኝ ሰው፣ ሌላ ዲስክ አልነበረንም፤ በያንዳንዱ ማታ የሚመዘገበውም ከጥቂት መቶ መሥመር አይበልጥም። ከዚያም መብራት ካለ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሙሉ ቅጂ በፍላሽ እንዲወጣ አደረግን፤ ፍላሹንም ጸሐፊዋ ወደ ቤቷ ይዛ ትሄዳለች። ቅጂው ሲወጣ የቴብልስፔስ ስም እንዳይጻፍበት የሚያደርገውን ምርጫ ጨምረንበታል፤ በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ ያለ ጥያቄ እንዲዘረጋ ነው። ባለ መፈልፈያው ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው፣ «እንግዲህ አሁን ዲ ላይ ነው ብዬ ብናገር አልዋሽም?» ብለው ጠየቁኝ። «አይዋሹም ጋሼ» አልኋቸው።

በየላፕቶፓችሁ ላይ ፖስትግሬስ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ ሠንጠረዦቻችሁ ዛሬ የት እንዳደሩ ለማወቅ ብትፈልጉ፣ በዳታቤዙ አስተዳዳሪ ስም ገብታችሁ «ሾው ዳታ ዳይሬክተሪ» የሚለውን ትእዛዝ፣ የኋለኞቹን ሁለት ቃላት በታች ሠረዝ አያይዛችሁ ጻፉ። የሚመልስላችሁን አድራሻ የመረጠው ማን እንደ ሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።